ሠላሳ ከሠላሳ

ጣቢታን መፈለግ አያደክምም። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሆሳዕና ወደሚገኘው ግቢያችን መጥታችሁ፣ ሁለተኛ ፎቅ ወጥታችሁ፣ በስተቀኝ ያለውን የመጨረሻ በር ብትከፍቱ እዚያው ናት። ዓምና ብትመጡም እዚያው ነበረች። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ብትመጡም እንደዚሁ። ጥቁሩ ሰሌዳ በነጭ ተተካ፣ ጠመኔው ማርከር ሆነ፣ ወንበሮቹ ሁለት ጊዜ ተቀየሩ፣ አራት ዲኖች መጥተው ሄዱ። እሷን የሚተካ ግን አልተገኘም።

የምታስተምረው ትምህርት ስሙ ራሱ ያስፈራል፤ ስትራቴጂክ ማኔጅመንት አካውንቲንግ ይባላል። የሚማሩት የማስተርስ ተማሪዎች ናቸው፣ ያውም የቅዳሜና እሁድ። የባንክ ሠራተኞች ከጃጁራ፣ የፋይናንስ ባለሙያዎች ከዱራሜ፣ የኅብረት ሥራ ሰዎች ከሙዱላ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲሠሩ ሰንብተው ዓርብ ከሰዓት በሚኒባስ ታጭቀው ይመጣሉ። ደክሟቸዋል፤ ቤታቸውን ጥለው ነው የመጡት። የማይረባ ነገር ካስተማራችኋቸው ፊታቸው ወዲያው ይነግራችኋል።

እሷ ታዲያ የመጀመሪያውን ቀን ሁልጊዜ በእንሰት ነው የምትጀምረው። የሺንሺቾ ልጅ ናት።

«እናቴ ቤት እንሰት ሊፋቅ አሥር ሴቶች ተጠሩ እንበል» ትላለች። «መፋቂያ ሳንቃው ግን ሦስት ብቻ ነው። ስንት ሴት ይሠራል?»

«ሦስት!» ይላል ክፍሉ።

«ሰባቱስ?»

«ያወራሉ!»

«ሌላ አሥር ሴት ብንጠራስ?»

«ወሬው ይጨምራል!»

«ወሬው ይጨምራል እንጂ ቆጮው አይጨምርም። ማነቆው ሳንቃው ነው። ተራው የሂሳብ ሠራተኛ የመጡትን ሴቶች ቆጥሮ ይጽፋል። እናንተ ግን ሳንቃው የት እንዳለ ትፈልጋላችሁ።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ክፍሉ የእሷ ነው። ይህን የማውቀው በኮሪደሩ ሳልፍ ስለምሰማ ነው። እኔ ወንዳፈረው እባላለሁ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እዚያው ትምህርት ክፍል ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ኮስት አካውንቲንግ አስተምራለሁ። ከጣቢታ ጋር አንድ ቢሮ እንጋራለን፤ ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነው። የእሷን ኮርስ ግን እፈራዋለሁ። ለምን እንደምፈራው ቆይቼ እናገራለሁ፤ አሁን ደስ አይለኝም።

ሰው እንዴት በአንድ ኮርስ ይታሰራል ትሉ ይሆናል። ልንገራችሁ። በእኛ ትምህርት ክፍል ለከፍተኛ ትምህርት መሄድ የሚፈልግ መምህር አንድ ወረቀት ማስፈረም አለበት፤ የኮርስ ርክክብ ቅጽ ይባላል። ከባልደረቦቹ አንዱ «ኮርሱን ተረክቤያለሁ፤ ለማስተማርም ብቃቱ አለኝ» በሚለው መስመር ላይ ይፈርምለታል። ቀላል ይመስላል። ታክስን የሚያስተምር ሰው በአንድ ቀን ያስፈርማል። የጣቢታን ኮርስ የሚረከብ ሰው ግን ቅዳሜውንም እሁዱንም አብሮ ይረከባል፤ በሥራ የበሰሉ፣ ጥያቄ የማያልቅባቸው ተማሪዎችንም ይረከባል። ያንን ማን ይፈልጋል?

በዚያ ላይ እኛ አገር ሰውን ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ነውር ነው። «እንጸልይበት» ይባላል። እኔ ካቶሊክ ነኝ፣ ግን ይህችን ቃል ከፕሮቴስታንት ባልደረቦቼ ተምሬ ከእነሱ በላይ ተክኜባታለሁ። ጣቢታ ቅጹን ይዛ አሥራ ሦስታችንንም በየተራ ጠየቀች። አሥራ ሦስታችንም «እንጸልይበት» አልናት። የዛሬ አምስት ዓመት ነው ይሄ። የዶክትሬት ቅበላ አግኝታ ነበር፤ ጊዜው አለፈበት። ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና አገኘች፤ እንደገና ጸለይን፤ እንደገና አለፈ። ይህን ያህል ጸሎት ለዝናብ ብናደርገው ኖሮ አገሩ በጎርፍ ይወሰድ ነበር።

ባሏ ኤሊያስ ዱራሜ ጤና ጣቢያ ነው የሚሠራው። ዓርብ ማታ ይመጣል፣ እሁድ አመሻሽ ይመለሳል። እሷ ደግሞ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ፣ እሁድ ደግሞ ከአምልኮ መልስ ታስተምራለች። አንድ ቀን «ባሌን የማገኘው ምሳ ሰዓት ላይ ነው፤ እንደ እስረኛ ጠያቂ ምግብ ይዞልኝ ይመጣል» አለችኝ። ስቃ ነው የተናገረችው፤ እኔም ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ምኑ እንዳሳቀኝ አይገባኝም።

በዚህ ዓመት፣ መጋቢት ላይ፣ ሦስተኛው ቅበላ መጣ። አዲስ አበባ፣ ከሙሉ የትምህርት ወጪ ጋር። ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ በጣቷ ሁለት ቦታ አሳየችኝ። አንደኛው የመሥሪያ ቤቷ የፈቃድ ደብዳቤ እስከ ሰኔ ሃያ ሦስት መድረስ አለበት ይላል። ሁለተኛው አመልካች አርባ ሁለት ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት ይላል።

«መስከረም ላይ አርባ ሁለት ይሞላኛል» አለችኝ። «ከዚህ በኋላ የለም ጋሽ ወንዴ። አንዳንዴ እዚያ ክፍል ስገባ አየር ያጥረኛል፤ ኮርሱን ስለምጠላው አይደለም፣ ወድጄዋለሁ። ግን ያው መጽሐፍ፣ ያው ምሳሌ፣ ያው በር። እኔ ሳልማር አሥራ አንድ ዓመት አስተማርኩ። የማውቀው ነገር እያለቀብኝ ነው። የሚሰማኝ ሰው ደግሞ የለም።»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አልኳት። ከ«እንጸልይበት» ትንሽ ይሻላል ብዬ ነው።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው። ያበላሸው ጠላት ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ያበላሹት የሚወዷት ናቸው።

ጣቢታ በየዓመቱ ለተማሪዎቿ ከሠላሳ የሚታረም አንድ የቡድን ሥራ ትሰጣለች። አንድ እውነተኛ መሥሪያ ቤት ይመርጣሉ፤ ማነቆውን ፈልገው፣ በቁጥር አስደግፈው፣ መፍትሔ ይጽፋሉ። በዚያ ላይ እሷ ያመጣችው አንድ ልማድ አለ። ጥሩ የተባለው ጥናት ለተጠናው መሥሪያ ቤት ኃላፊ በደብዳቤ ይላካል። «ጥናት መደርደሪያ ላይ አይሙት» ትላለች። በዚህ መንገድ የአንድ ወፍጮ ቤት ወረፋ ተቃልሏል፣ የአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ተስተካክሏል። የምትኮራበት ልማድ ነበር።

ዘንድሮ ሮዳስ የምትመራው ቡድን ያጠናው ወፍጮ ቤት አይደለም። የእኛኑ ትምህርት ክፍል ነው። ሮዳስ ዞን መሥሪያ ቤት በዕቅድ ባለሙያነት የምትሠራ፣ ሥራ ከያዘች ምግብ የምትረሳ ዓይነት ልጅ ናት። ስለ ቅበላው የምታውቀው ነገር የለም፤ ጣቢታ የግል ጉዳይዋን ለተማሪ አታወራም። እሷና ጓደኞቿ የመምህራኑን ዝርዝር፣ የኮርሶቹን ድልድል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዎችን ወረፋ አንድ በአንድ ለቀሙ። እያንዳንዳችንንም ጠየቁን።

እኔን ያገኘችኝ የመምህራን ላውንጅ በር ላይ ነው፤ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛለች።

«ቲቸር፣ መምህርት ጣቢታ ባይኖሩ ይህን ኮርስ እርስዎ መስጠት ይችላሉ?»

«እኔ?» አልኩና ሳቅኩ። «እዚያ ክፍል ከምገባ ጅብ ጉድጓድ ብገባ ይሻለኛል።»

«አይችሉም ማለት ነው?»

«አልችልም፣ ጻፊው።»

ጻፈችው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ጥናቱ ሲቀርብ ሁለተኛ ገምጋሚ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። እውነት ለመናገር በሃያ ስድስት ዓመት መምህርነቴ እንዲያ ያለ የተማሪ ሥራ አላየሁም። ሥራው የት እንደሚከማች፣ የቱ ተማሪ ስንት ወር እንደሚጠብቅ፣ ሁሉንም በሰንጠረዥ አስቀመጡት። አንደኛው ሰንጠረዥ የመምህራን ስም ነው፤ ከጎኑ «ይህን ኮርስ መስጠት ይችላሉ?» የሚል ዓምድ አለ። አሥራ ሦስት ጊዜ «አይችሉም» ይላል። ከእኔ ስም ትይዩ «አይችሉም (በራሳቸው አንደበት)» ይላል። ተማሪዎቹ ወደ እኔ እያዩ ፈገግ አሉ፤ እኔም አንገቴን ነቀነቅኩ።

ከዚያ ሮዳስ የመጨረሻውን ገጽ አነበበች፦ «የትምህርት ክፍሉ ማነቆ በሰው ኃይል ረገድ አንድ ነው፤ መምህርት ጣቢታ ናቸው። እሳቸው ቢለቁ ፕሮግራሙ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ይቆማል፤ ስልሳ አራት ተማሪዎችም መንገድ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ተቋሙ እሳቸውን በማናቸውም መንገድ ይዞ ማቆየት አለበት።»

ክፍሉ አጨበጨበ። ማመስገናቸው ነው፤ ክብር መስጠታቸው ነው። ጣቢታም ቆማ አጨበጨበች። ፊቷን አየሁት። ደሙ ሁሉ ወርዶ ነበር።

ቢሮ እንደገባን በሩን ዘጋሁ። «ስንት ልትሰጫቸው ነው?»

«ሠላሳ።»

«ከሠላሳ?»

«ምኑን ልቀንስ? የቱ ቁጥር ነው የተሳሳተው?»

በሩ ተንኳኳ፤ ሮዳስ ናት። ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። «ቲቸር፣ ይሄኛውንም ለኃላፊው እንላከው? ለዲኑ ማለቴ ነው።»

ለጣቢታ በዓይኔ ምልክት ሰጠኋት፤ በቅንድቤ ሰጠኋት፤ የቀረኝ በእግሬ መርገጥ ነበር። ጣቢታ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«የሌሎቹን ልከን የለ?» አለቻት። «የእናንተ ለምን ይቀራል? ውጤቱን ጽፌ ልፈርምበትና ውሰዱት።»

ልጅቷ ስትወጣ ጣቢታ ላይ ጮህኩባት። «አንቺ ሴት፣ አብደሻል እንዴ? በገዛ እጅሽ! አንድ ጥናት መሳቢያ ውስጥ ቢቀር ማን ይሞታል?»

«አሥራ አንድ ዓመት እውነቱን ለኃላፊ ላኩ ስል ኖሬ፣ እውነቱ እኔን ሲነካኝ መሳቢያ ውስጥ ልደብቀው?» አለችኝ። «እንዲያ ካደረግኩ ያስተማርኩት ሁሉ ውሸት ነው።»

እልኸኛ ናት። ሰው በቅንነቱ ሲጎዳ ማየት ያበሳጫል፤ እኔ ደግሞ ስበሳጭ እጮሃለሁ እንጂ ሌላ ነገር አላደርግም።

ዲናችን ዶክተር ለማ ሪፖርት ማንበብ የሚወድ ሰው አይደለም። ይህንን ግን አነበበው፣ ያውም ሁለቴ። ጣቢታን ያስጠራት በሳምንቱ ነው። ስትመለስ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የተባለችውን ነገረችኝ።

«ክፉ አልተናገረኝም። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ‹እህቴ ጣቢታ፣ ልልክሽ አስቤ ነበር፣ እግዚአብሔር ያያል፤ ግን ይሄን ካነበብኩ በኋላ ብለቅሽ ስልሳ አራት ሰው ይጠይቀኛል› አለኝ። ‹ተማሪ ነው የጻፈው እንዳልል ሠላሳ ከሠላሳ ሰጥተሽ ፈርመሽበታል› አለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ምን እላለሁ? ልክ ነው እኮ።» እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ከዚያ «ቅጹ ከተፈረመ ብቻ ነው አለኝ» አለች፤ ወደ እኔ ግን አላየችም። ከሁሉም የከበደኝ ያ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ያን ቀን ወደ እኔ አላየችም።

በማግሥቱ ሮዳስ መጣች። ጣቢታ አልነበረችም። ልጅቷ ስለ ቅበላው ከዲኑ ጸሐፊ ሰምታ ኖሮ ዓይኗ አብጧል።

«ቲቸር፣ መምህርት ጣቢታን እንዳይሄዱ ያደረግናቸው እኛ ነን። ያመሰገንናቸው መስሎን በር ዘጋንባቸው» አለችኝ። እንባዋን ጠርጋ ቀጠለች፦ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አይቆጡኝ። ያኔ ‹አልችልም› ያሉኝ እውነትዎን ነው?»

ደስ የማይለኝን ታሪክ አሁን ልንገራችሁ። ጣቢታ ሳትቀጠር በፊት ያን ኮርስ የማስተምረው እኔ ነበርኩ። ለአንድ ሴሚስተር ነው። በአራተኛው ሳምንት አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ተነስቶ ጥያቄ ጠየቀኝ። መልሱ ጠፋኝ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ሰውየው «ይቅር ቲቸር፣ አይጨነቁ» አለኝ። አዝኖልኝ ነው። ሠላሳ ሁለት ሰው አዘነልኝ። ሴሚስተሩን እንደ ምንም ጨረስኩና፣ በዓመቱ አንዲት ቀጭን ልጅ ከሺንሺቾ መጥታ ስትቀጠር ማስታወሻዬን ሰብስቤ «እንኳን ደህና መጣሽ» ብዬ አስታቀፍኳት። እሷ ስጦታ መስሏት አመሰገነችኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ የቆለፍኳት እኔ ነኝ። ሌሎቹ አሥራ ሁለት እውነትም አይችሉም ይሆናል፤ እኔ ግን ቁጭ ብዬ ባነብ እችላለሁ። ስፈራ ኖሬ ነው።

«ዋሽቼሻለሁ» አልኳት ሮዳስን።

 ልጅቷ ያየችኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

በዚያው ቀን ቅጹን ከጣቢታ መሳቢያ አውጥቼ ፈረምኩና ለዲኑ ወሰድኩት። ዶክተር ለማ ቅጹን አየ፣ ጥናቱን አወጣ፣ ሰንጠረዡን በጣቱ እየተከተለ ስሜ ጋ ቆመ።

«ጋሽ ወንዳፈረው፣ እዚህ በራሳቸው አንደበት ይላል።»

«ተሳስቼ ነው።»

«የቱ ጋ ነው የተሳሳቱት? ያኔ ነው ወይስ አሁን?»

ሰውየው ሞኝ አይደለም። ለተማሪዎቹ የሰጠሁት መልስ ውሸት እንደነበር በእጄ ጽፌ እንድፈርም አደረገኝ። ጻፍኩ። በዚህ ዕድሜዬ ‹ዋሽቻለሁ› ብሎ መጻፍ እንዴት እንደሚመር የሞከረው ያውቀዋል። ከዚያ ደግሞ «ወረቀት ብቻ አይበቃኝም፤ ቅዳሜ ሰኔ ሃያ አንድ እርስዎ ያስተምሩ፣ እኔ መጥቼ አያለሁ። ከሆነ ሰኞ ጠዋት ደብዳቤዋን እፈርማለሁ» አለኝ። ሰኞ ሃያ ሦስት ነው፤ የመጨረሻው ቀን።

ለጣቢታ ስነግራት ተነስታ አቀፈችኝ። ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። «እንደምትችል አውቅ ነበር» አለችኝ። «ማስታወሻህ ጥሩ ነበር እኮ። የመጀመሪያውን ዓመት በእሱ ነው ያስተማርኩት።» ታውቅ ነበር ማለት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት አውቃ፣ አንድም ቀን ‹አንተ ትችላለህ፣ ለምን ትዋሻለህ› ብላ አላፋጠጠችኝም።

አምስት ቀን አዘጋጀችኝ። ርዕሱ የዒላማ ወጪ ነው። ገበያው የሚከፍለውን ዋጋ መጀመሪያ ታያለህ፤ ማትረፍ የምትፈልገውን ትቀንሳለህ፤ የቀረው ዕቃውን ሠርተህ ልትጨርስበት የሚገባህ ወጪ ነው። እንደ ተማሪ ፊቷ ቆሜ ደጋግሜ አስረዳኋት። የመጨረሻው ቀን ላይ እንዲህ አለችኝ፦ «የማታውቀውን ከጠየቁህ ‹አላውቅም፣ ለሚቀጥለው ሳምንት አመጣዋለሁ› በል። ሰው በዚህ አይሞትም።»

«እሺ» አልኳት።

ቅዳሜ መጣ። ዶክተር ለማ ቅጹን ፋይል ውስጥ አድርጎ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ጣቢታ ከእሱ ሁለት ወንበር ርቃ፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። የጉዞ ልብስ የመሰለ ጃኬት ለብሳ ነበር። ሮዳስ ፊት ወንበር ላይ ናት፤ ጉዳዩን ለተማሪዎቹ ሁሉ ነግራቸዋለች መሰለኝ፣ ክፍሉ ጸጥ ብሎ በዓይኑ ያግዘኛል።

ጀመርኩ። ሄደልኝም። ስለ ዳቦ ቤት ምሳሌ ሰጠሁ፤ ሳቁ። ዋጋውን፣ ትርፉን፣ ወጪውን ሰሌዳው ላይ አሰፈርኩ። አርባ ደቂቃ ያህል አስተማርኩ፤ ላቤም ደረቀ። ዲኑ አንዴ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁት። ጣቢታ ጉንጯን በእጇ ደግፋ ፈገግ ብላለች። እንዲያ ቀሎኝ አያውቅም።

ከመሃል መሐመድአሚን እጁን አወጣ። ሙዱላ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ውስጥ የሚሠራ፣ ትሑት ሰው ነው። ሊጥለኝ ፈልጎ አይደለም፤ የምሩን ነው።

«ቲቸር፣ ይቅርታ። የእኛ ሥራ ዝንጅብል ነው። ገበሬው ሲተክል ዋጋው ጥሩ ነበር። ሊነቅል ሲደርስ ግን ዋጋው በግማሽ ወረደ። ወጪው ደግሞ ወጥቶ አልቋል፤ መሬቱ ታርሷል፣ ዘሩ ተገዝቷል። እንግዲህ የዒላማው ወጪ አሁን ምን ያደርግልናል? የትኛውን ወጪ ነው የምንቀንሰው?»

ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ከዋጋው ትርፉን ቀነስኩ፤ የወጣው ወጪ ከቀረው ይበልጣል። አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ። ጀርባዬ ላይ ዝምታውን ሰማሁት። ያ ዝምታ ነው፤ አውቀዋለሁ። ‹አላውቅም፣ ሳምንት አመጣዋለሁ› ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሦስት ቃል ነው። አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። ዞሬ ጣቢታን አየኋት።

ፈገግታዋ ጠፍቷል። የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ወለሉን ታያለች። መልሱን እንደምታውቅ ያስታውቃል። ዝም ብትል እኔ በሆነ ጊዜ አንድ ነገር እል ነበር። ደቂቃም ይፍጅ ሁለት፣ እፍረቱ ራሱ ያስተነፍሰኝ ነበር። መሐመድአሚን እስክሪብቶውን ደብተሩ ላይ ደቅኖ እኔን ያያል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

እሱ እስክሪብቶውን ሲያስቀምጥ እሷ ተነሳች።

በወንበሮቹ መካከል መጥታ ማርከሩን ከእጄ ወሰደች፤ በቀስታ ነው፣ ሳታሳፍረኝ።

«ዝንጅብሉ ተነቅሏል?» አለችው።

«አልተነቀለም፣ መሬት ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው ለእርሻና ለዘር የወጣውን እርሳው፤ ብትነቅልም ባትነቅልም አይመለስም። ስለ እሱ መጠየቅ አሁን ጥቅም የለውም። የምትጠይቀው ገና ስላልወጣው ነው። መንቀያው ስንት ነው? ማጠቢያው፣ ማድረቂያው፣ ማጓጓዣውስ? የዛሬው ዋጋ እነዚህን ካልሸፈነ አትንቀል። ዝንጅብል መሬት ውስጥ ቢከርም ይቆይልሃል። የዒላማ ወጪ ደግሞ ሥራው ከመትከል በፊት ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ከገበሬው ጋር ዛሬ ቁጭ ብላችሁ...»

ሁሉም ይጽፋል። መሐመድአሚን አቀርቅሮ ይጽፋል። ሮዳስ ብቻ አልጻፈችም፤ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጣቢታን ታያለች። ዶክተር ለማ ትንሽ አዳመጠ፤ ወደደው፤ ከዚያ ፋይሉን ዘግቶ በብብቱ ያዘና ድምፅ ሳያሰማ ወጣ። ጣቢታ በሩ ሲዘጋ ሰምታለች። ማርከሩ ሰሌዳው ላይ አንዴ ቆመ። ከዚያ የጀመረችውን መስመር ጨረሰች።

ስድስት ሰዓት ላይ ደረጃውን አብረን ወረድን። ኤሊያስ ምሳ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከሩቅ እጁን አውለበለበልን፤ ደህና ያለፍን መስሎታል።

«ለምን ተነሳሽ?» አልኳት።  «ዝም ብትይ እኮ እወጣው ነበር። ጣቢታ፣ ትንሽ ብትታገሺኝ እወጣው ነበር።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ታዲያ?»

ጃኬቷን አውልቃ ክንዷ ላይ አደረገች። ሰኔ ቢሆንም ፀሐይ ነበር።

«ሰውየው ከሙዱላ ድረስ መጥቶ ጠየቀ፤ ከዚያ መልስ የለም ብሎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ» አለች። «ያንን አይቼ መቀመጥ አልቻልኩም፣ ጋሽ ወንዴ። ሞከርኩ፣ አልቻልኩም።»

ከዚያ ባሏን ልትነግረው ወደ በሩ ሄደች።